ትዝታ ሲያምም፣ ትዝታ ሲጥም



ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ትዝታን ሳይሰማ ብዙ አይቆይም። ማህሙድ አህመድ፣ አስቴር አወቀ፣ በዛወርቅ አስፋው ተጫውተውታል። ዜማው የጋራ ነው፤ ግጥሙን ግን እያንዳንዱ በራሱ ናፍቆት ልክ ያበጀዋል።

በዚሁ ዘፈን ምክንያት አንድ ወጣት ወንድማችን ጥያቄ ይዞልን መጣ። (የምንጽፈው በፈቃዱ ነው።) ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ ነው። እጮኛው ለሥራ ቤሩት ሄደች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ሌላ ሰው አገባች። «ፓስተር፣ ትዝታ ሲከፈት ያመኛል፤ ደግሞም ይጥመኛል። እናደድባትና ወዲያው እመርቃታለሁ። ይቅር አላልኳትም ማለት ነው?» አለን። ከጌታ እራት ራሱን ካገለለ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ብዙዎቻችን ቶሎ የምናነሣው «ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለውን ነው። በገላትያ 5፥21 «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ኮሞይ» ነው፤ የስካርና የፈንጠዝያ ግብዣን ያመለክታል። ለብቻው ተቀምጦ በክራር የሚተክዝን ሰው አይገልጽም። እንዲህ ስንል በሩን በርግደን መክፈታችን አይደለም። የወንድማችን ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

ትዝታ የዘፈኑም የቅኝቱም ስም ነው። አምስት ድምፆች አሉት፤ ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ፈካ ይል የነበረው ዜማ ያዝናል፤ ስሙ ግን ያው ትዝታ ነው። ብዙ መዝሙሮቻችንም የምንዘምራቸው በዚህ ቅኝት ነው። ዘፋኙ ትዝታን እንደ ሰው ያናግረዋል፤ ይከስሰዋል፤ ሂድልኝ ባለበት አፉ መልሶ ይጠራዋል። አድማጭ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ዕዝራ ምዕራፍ 3ን አብረን አነበብን። የቤተ መቅደሱ መሠረት ሲጣል የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ጮኸው አለቀሱ፤ ሌሎች በደስታ እልል አሉ። ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ልቅሶው ከእልልታው የሚለይ አልነበረም። ልብ በሉ፣ አልቃሹን ዝም ያሰኘ ካህን በታሪኩ ውስጥ የለም። እርግጥ እዚያ ያለቀሰውና እልል ያለው የተለያየ ሰው ነው፤ በወንድማችን ግን ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ ወደ ኤርምያስ 2 አለፍን። እግዚአብሔር ሕዝቡን ሊወቅስ ሲነሣ የሚጀምረው የሙሽርነቷን ዘመን ፍቅር በማስታወስ ነው። ክሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ክሱም የመጀመሪያውን ፍቅር አይክድም። የተከዳ ወዳጅ በአንድ ትንፋሽ ሲናፍቅና ሲቆጣ እናያለን። ያን ስናነብ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ቆየ።

ይቅርታ የማጣት ምልክቱ ሕመሙ አይመስለንም። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው፤ ትዝታ መዋሸት ይችላል። በዘኍልቍ 11 እስራኤላውያን የግብፅን ዓሣና ዱባ አስታወሱ፤ የጡብ ሥራውንና ጅራፉን ረሱ። እንዲህ ያለው ግማሽ ትዝታ ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ ወንድማችንን፣ ዘፈኑ የማያነሣውንም እንዲነግረን ጠየቅነው። ሳቀ። ቡናውን፣ የእንጦጦውን መንገድ ሲነግረን ቆይቶ አንድ ነገር ጨመረ፦ ከመሄዷ በፊት እንጋባ ብላው ነበር፤ እሱ ግን «መጀመሪያ የራሴን የሽመና ዕቃ ልግዛ» እያለ ሁለት ዓመት አስጠብቋታል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ ያለቀሰው ልቅሶ ትዝታ ሲሰማ እንደሚያለቅሰው አልነበረም።

በማግስቱ አልዳነም፤ ንዴቱም አልፎ አልፎ ይመለሳል። ባለፈው እሑድ ግን ከጌታ እራት ተካፈለ። ለሠርጓ ብሎ በገዛ እጁ የሸመነው ባለ ጥለት ነጠላ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ነው። ሽጠው አላልነውም፤ አስቀምጠውም አላልነውም።