የጂዶ ሰዓት

ትንሽ ይረዝማል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ቤይሩት የምሠራው አንድ ሽማግሌ በመንከባከብ ነው። ጂዶ እንላቸዋለን፣ አያት ማለት ነው። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ሰዓት ሠሪ ነበሩ። መሳቢያቸው ውስጥ ሰንሰለት ያላቸው የሚያማምሩ የኪስ ሰዓቶችና አንድ አስቀያሚ የእጅ ሰዓት አለ። ጠዋት ጠዋት የምሞላቸው እኔ ነኝ። የእጅ ሰዓቱ ቆዳ ማስገቢያ ሽቦ ተበይዶለታል፣ መስታወቱን ወንፊት የመሰለ ብረት ሸፍኖታል። «ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው» ሲሉኝ ሳቅኩ።

ከዚያ አስረዱኝ። ለካ ድሮ የእጅ ሰዓት የሴት ጌጥ ነበር! ወንድ ካሰረ ይሳቅበታል፣ የወንድ ሰዓት ከኪስ ነው የሚወጣው። በፈረንጆች 1899 እንግሊዞችና ቦኤሮች ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲዋጉ ወታደሮች የኪስ ሰዓታቸውን በቆዳ አድርገው እጃቸው ላይ ያስሩ ነበር። በ1914 ትልቁ ጦርነት ሲመጣማ በቃ፣ ግድ ሆነ። መድፉ በተባለው ደቂቃ ተኩሱን ወደፊት ያሻግራል፣ እግረኛው በዚያው ደቂቃ ከምሽግ ይወጣል። ከቀደመ የራሱ ወገን መድፍ ይጨርሰዋል። ታዲያ ጠመንጃ ይዞ ኮት እየከፈተ ኪስ ይዳብስ? «እጁ ሥራ ላይ ላለ ሰው የኪስ ሰዓት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ሳሙና የበላው እጄን አየሁት። ከጦርነት የተመለሱት ሰዓቱን አልፈቱትም፣ የሚስቅባቸውም ጠፋ።

ክዳኑን እንድነካ ግን አይፈቅዱልኝም። ቁጥሮቹ በጨለማ እንዲታዩ የተቀቡት በራዲየም ነው፣ መርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያንን ቀለም የሚቀቡ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ሲሠሩ ታመው ሞተዋል።

ባለፈው ጥር ሰዓቱ ጠፋ። ማዳሜ፣ የጂዶ ልጅ ናት፣ ሻንጣዬን አልጋው ላይ ገለበጠችው። የውስጥ ልብሴን ሳይቀር አንድ በአንድ አራገፈች። ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ፓስፖርቴ እሷ ጋ፣ የሦስት ወር ደሞዜም እሷ ጋ። ጂዶን ብጠይቃቸው ዝም አሉ፣ አንዳንዴ ይረሳሉ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ እራት ሠራሁ።

ማታ ላጥባቸው ሹራባቸውን ሳወልቅ ክንዳቸው ላይ ታስሮ አገኘሁት፣ ይሠራል። «ለምን አሰሩት?» ስላቸው «ሥራ ልሄድ» አሉኝ። ማዳም «መልሺው» አለችና ወጣች። ይቅርታ የሚባል የለም። ሻንጣዬን ራሴ አጣጥፌ መለስኩ።

እሁድ ዶራ ወርጄ ርካሽ የእጅ ሰዓት ገዛሁ። ሥራ ላይ ስልኬን ስለምትወስድብኝ ስንት ሰዓት እንደምሠራ በግምት ነበር የማውቀው። አሁን እጄ ሳህን ውስጥ ሆኖም አየዋለሁ፣ ማታ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የትናንቱ፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 5 ተኩል። ያስተካከልኩት በኛ አቆጣጠር ነው፣ ማዳም ብታየው ተበላሽቷል ነው የምትለው።