ሁለት አረሮች፣ አንድ ክብደት

ዛሬ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ሁለት አረሮች ጎን ለጎን አቆምኩ። አንዱ ውስጡ እርሳስ ነው፤ ሌላው ሙሉ በሙሉ መዳብ። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ መዳቡ በዓይን የሚታይ ያህል ይረዝማል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ያንኑ ክብደት የሚሞላው በርዝመት ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ጥይቱን ራሳችን ስንሞላ፣ አረሩን ባሩድ በያዘው ቀለህ ላይ ስንተክለው ነው።

የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት ሳንቀይር ብንተክለው አረሩ ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ወደ ውጭ ብናወጣው ካዝናው ላይቀበለው ይችላል። በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር ከነካ ደግሞ ግፊቱ እንደገና ይጨምራል። ባርንስ የተባለው አምራች ለመዳብ አረሮቹ ከመስመሩ ቢያንስ 0.050 ኢንች ማራቅን ይመክራል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ለእርሳስ የተጻፈውን የባሩድ መጠን ለመዳብ አትዋሱ። የአረሩን አምራች መመሪያ ይዛችሁ ከዝቅተኛው ጀምሩ።

ይህን ሁሉ ልፋት ለምን? ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው። ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ በ1982 22 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬም ዋነኛ ገዳዩ ከታደነ እንስሳ ሬሳ ጋር የሚውጠው የእርሳስ ስብርባሪ ነው። ሕጉ ባይኖርም መዳቡን እመርጥ ነበር፤ የአጋዘኑን ሥጋ ልጆቼም ይበሉታል።

ወደ መዳብ የዞራችሁ አዳኞች፣ የእናንተ ጠመንጃ የትኛውን ጥልቀት ወደደ?