አራት ቀን በባሕር ዳር

በሰፈራችን በናሕሊኤል አንድ ሰው «ወደ ኢትዮጵያ ልሄድ ነው» ሲል፣ ጎረቤት ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። ሞት ካልሆነ ሠርግ፣ ሠርግ ካልሆነ የታመመ ዘመድ ይሆናል። እኛም በ2018 በሐኑካ ዕረፍት ከአባታችን፣ ከእናታችንና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ስድስት ሆነን ስንነሣ ይኸው ጥያቄ ደረጃው ላይ ጠበቀን። «ማንም አልሞተም፤ ለሽርሽር ነው» ብለን ስንመልስ አንዲት ጎረቤታችን በሐዘኔታ አይታን፣ «እናንተ ደበቃችሁን እንጂ» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ቢያስቅም ሥር አለው። በማኅበራዊ ሥራችን የምናገኛቸው ብዙ ቤተሰቦች አገር ቤት ደርሰው የሚመለሱት ደክመውና ባንክ ቤት ሚኑስ ገብተው ነው። (የማንንም ምሥጢር አላወጣንም፤ የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር።) ሻንጣው በልብስና በጫማ ይሞላል፣ ዘመድ ሁሉ በየተራ ይጠየቃል፣ ልጆች አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወቱ ዕረፍቱ ያልቃል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ 600 ሼቄል ካስቀመጥን በኋላ አንድ ስምምነት አደረግን፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት በባሕር ዳር፣ ያለ ዘመድ። ጎንደር ከዚያ በኋላ። አባታችን ይህን ሲሰሙ «ዘመድ ሳይጠይቁ ውኃ ማየት!» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉን።

ከቤን ጉሪዮን አዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል የሰባት ዓመቷ ልጃችን በመስኮት አይታ «ይህ ባሕር ነው ወይስ ሐይቅ?» አለች። ለሐዴራ ልጅ ባሕር ማለት ጊቫት ኦልጋ ነው፤ ጨው፣ ማዕበል፣ ከወዲያ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች። ጣና ሐይቅ ነው፤ ከተማው ግን ባሕር ዳር ተባለ። በዕብራይስጥስ ኪኔሬትን «ያም» እንል የለም? ኪኔሬት 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጣና ግን ወደ 3,000 ይጠጋል። ኪኔሬት ከባሕር ወለል 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ጣና ከ1,780 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ዓባይን ያፈልቃል። ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስናስረዳ እናታችን ዝም ብለው ነበር።

ሆቴሉ በውጭ አገር ሰው ዋጋ ክፈሉ አለን። አባታችን ፓስፖርታቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተው «እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፤ አንተ ሳትወለድ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ» እያሉ ከእንግዳ ተቀባዩ ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ከፈልን።

ማታ ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ወደ ውኃው ስንወርድ እናታችን ቆሙ። በ1990 ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ አውቶቡሱ ባሕር ዳር አድሮ ነበር። እንዳይታዩ ፈርተው ከአልጋ ቤቱ አልወጡም። ከመካከላችን አንዱ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው፤ ውኃ ውኃ እያለ ሲያለቅስ አደረ። «ይህ ሁሉ ባሕር ከበሩ ማዶ ተኝቶ፣ እኔ አንድ ጣሳ ውኃ አጥቼ አነጋሁ» አሉን። ከዚያ አዲስ አበባ ብዙ ወራት ጠብቀው፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣ አብረው መጡ። ይህንንማ እናውቃለን። የጣሳውን ነገር ግን ያን ማታ መስማታችን ነው። በሥራችን የሰው እናት ስለ መንገዷ ስንጠይቅ ስንት ዓመታችን ነው፤ የራሳችንን እናት ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ጀልባ ተከራየን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል ብለውናል። ባለ ጀልባው ወጣት እናታችንን ሊያሳፍር እጁን ዘረጋ። በአገር ቤት ሳለን ወላጆቻችን ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር አይነካኩም ነበር፤ የተነካ ሰው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም፤ ጎረቤትም «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር። እናታችን እጁን አዩ፤ ወደ አባታችንም ዞሩ። አባታችን ዓይናቸውን ወፎቹ ላይ ተክለዋል። «እማማ፣ ያዙኝ፣ ይወድቃሉ» አለ ልጁ። ያዙት።

ከከተማው አቅራቢያ ክብራንና እንጦስ የሚባሉ ሁለት ደሴቶች ጎን ለጎን አሉ። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባም። ትልቁ ልጃችን የብራና መጻሕፍቱን ለማየት ቢጓጓም እኅቱ «እኔ ጀልባ ላይ አልቀርም» ብላ ስለጮኸች ሁላችንም እንጦስ ወረድን። አባታችን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አልደረሱም፤ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚያልፍ ሰው ለልጆቹ እጁን አወዛወዘላቸው። አንዲት መነኩሲት ቀርበው «ከወዴት ናችሁ?» ሲሉን፣ እናታችን «ከጎንደር»፣ አባታችን ደግሞ «ከሐዴራ» አሉ፤ እኩል። ትናንት በፓስፖርቱ የተጣሉት እሳቸው አልነበሩም?

ሲመልሰን ባለ ጀልባው ስለ እምቦጭ አጫወተን። ይህ አረም በ2011 ጣና ላይ ታይቶ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቷል፤ ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል። አባታችን መጥተን እንርዳ ለማለት ምንም አልቀራቸውም፤ ዕረፍት የሚባለው ነገር ገና አልገባቸውም ነበር።

ይህን የምንጽፈው ዛሬ ተነሥታችሁ ሂዱ ለማለት አይደለም። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ ወዲህ እኛም አልሄድንም። አራት ቀን ግን ኤላትም፣ አኮም ሆኖ ማረፍ ይቻላል፤ ብቻ ለዘመድ የሚውለውን ገንዘብና የዕረፍቱን ገንዘብ ከቤት ሳትወጡ ለይታችሁ በሁለት ፖስታ አስቀምጡ።

የአራተኛው ቀን ማታ ከዓሣ አጥማጆች ዓሣ ገዛን። መጀመሪያ አምባዛ አመጡልን፤ አባታችን በእጃቸው ዳስሰው «ይህ ቅርፊት የለውም፤ ለእኛ አይሆንም» ብለው መለሱት። ቆሮሶ ግን ቅርፊት አለው፤ ከኪኔሬቱ አምኑን ጋር አንድ ወገን ነው። ከሐዴራ ይዘነው በመጣነው መጥበሻ (አዎን፣ መጥበሻ ይዘን ነበር) እናታችን ከሰል ላይ ጠበሱት። ልጆቹ የሐኑካውን ሻማ አበሩ። አስተናጋጁ የልደት በዓል መስሎት «እንኳን አደረሳችሁ፣ ባለ ልደቱ ማነው?» አለ። አባታችን በኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን አያውቁም፤ እዚህ የተማሩትን ለአስተናጋጁ በሰፊው አስረዱት።

ገና መብላት ሳንጀምር ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ፤ የአባታችን የአጎት ልጅ ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ አንድ ገንቦ ማር ይዞ፣ ከጎንደር ሦስት ሰዓት በመኪና ተጉዞ። ማን እንደ ነገረው አልጠየቅንም። አባታችን ቀና ብለው ወደ እኛ አላዩም። እናታችን አራቱን ቆሮሶ ለዘጠኝ ሰው ማካፈል ጀመሩ።