ከልስን በፊት

በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በኤሌክትሪክ ሙያ የሚተዳደር አንድ ኢትዮጵያዊ በሥራው የመጀመሪያ ዓመት ግድግዳ በገዛ እጁ አፍርሷል። ሽቦውን በጥንቃቄ ዘርግቶ ሲያበቃ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ ሳይመጣ ጂፕሰም ቦርዱ እንዲመታ ፈቅዶ ነበር። ተቆጣጣሪው ሲደርስ ስለ ሥራው ጥራት ምንም አልጠየቀም፤ «አላየሁትም፤ ክፈተው» ብሎ ሄደ። ግድግዳው ተከፈተ፤ እንከንም አልተገኘበትም። ሰውዬው ያን ቀን ለብዙ ጊዜ እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር።

ዓመታት አልፈው ለእናቱ በአዲስ አበባ ቤት ማሠራት ጀመረ። በውጭ እንደሚኖሩ ብዙ ወገኖቹ ሁሉ ግንባታውን የሚከታተለው ወንድሙ በስልክ በሚልክለት ፎቶግራፍ ነበር። ሴራሚኩ፣ የጂፕሰም ጣሪያው፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ተላከለት። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የብረቱን አስተሳሰር መሐንዲስ እየመጣ አይቶታል፤ የሕንፃ መደርመስን የማይፈራ የለምና። በልስን ውስጥ የሚቀበረውን ቱቦና ሽቦ ግን ማንም አላየውም። የሙያው ባለቤት የሆነው እርሱም አልጠየቀም።

እናቱ ሊገቡ ሳምንት ሲቀራቸው አዲስ አበባ ደረሰ። የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ ማሞቂያ መስመር ፈቶ ሲያይ ሦስቱም ሽቦዎች በቦታቸው ናቸው፤ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት መስመርም በወጉ ታስሯል። በመልቲሜትር ሲለካው ግን ከዋናው ሳጥን ጋር አይገናኝም፤ ከልስኑ ሥር አንድ ቦታ ላይ ተቋርጦ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ማሞቂያው እኮ ይሠራል» አለ ወንድሙ።

እውነቱን ነው፤ ይሠራል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች እስከተገናኙ ድረስ አምፖል ይበራል፣ ውሃም ይሞቃል። የመሬት መስመር መጉደል በየዕለቱ አገልግሎት ምንም ምልክት አያሳይም፤ የሚታወቀው የማሞቂያው ውስጥ ተበላሽቶ ብረቱ 220 ቮልት በተሸከመበት ቀን፣ እርጥብ እጅ ሲነካው ነው። ተራው ብሬከር ያን ጊዜ አይደርስም፤ የ16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን ሲሆን፣ ሰውን የሚገድለው ጅረት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለሰው የሚደርሰው በ30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ ጅረት የሚቆርጠው መከላከያ ነው፤ እርሱም በዚያ ቤት አልተገጠመም ነበር።

ስለዚህ «ይሠራል» የሚለው ቃል ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለሕንፃዎች ባወጣው መስፈርት፣ ቁጥር 60364፣ አንድ ተከላ ወደ አገልግሎት ከመግባቱ በፊት በዓይን እንዲመረመር፣ የመሬት መስመሩ ቀጣይነት እንዲፈተሽ፣ የሽቦው ሽፋን በ500 ቮልት ተለክቶ ከ1 ሜጋኦም እንዳያንስ ያዝዛል። ሥራው ሜገር ለሚባለው መሣሪያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያም ሕግ አልባ አይደለችም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለቁጥጥር መሠረት ጥሏል። በዚህ ቤት የጎደለው ቁጥጥሩ የሚደረግበት ሰዓት ነበር። በመጨረሻ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ማብሪያ ማጥፊያውንና ሶኬቱን ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ ከሥነ ምግባር ጉድለት የመጣ ነው ማለትም ይከብዳል። በአሌክሳንድሪያ ሳይታይ ግድግዳ የዘጋው ይኸው ሰው ነው፤ እዚያ ከአዲስ አበባው ሠራተኛ ይልቅ ታማኝ አልነበረም። ልዩነቱ፣ እዚያ ከአሠሪውም ከተቋራጩም ደመወዝ የማይቀበል አንድ ሰው ሳይፈርም ቀጣዩ ሥራ አለመጀመሩ ነው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሲሆን ይህን ክፍተት የሚሞላበት አንድ ሥልጣን በእጁ ይቀራል፤ ክፍያ። የልስኑን ገንዘብ ከሽቦው ምርመራ ውጤት ጋር በውሉ ላይ ካሰረው፣ ሳይታይ የሚለሰን ግድግዳ አይኖርም።

እናትየው ሴራሚኩ ሊፈርስ መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ። «ልጄ፣ ውሃው ይሞቃል አይደል? ምን ጎደለበት?» አሉ። መልስ አልሰጣቸውም፤ መሮውን አንሥቶ በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ የገዛ ግድግዳውን ከፈተ። የተቆረጠው ሽቦ ከማሞቂያው ሁለት ክንድ ርቆ ተገኘ፤ ጫፉ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል። እናቱ ወደ አዲሱ ቤት የገቡት ከታሰበው በሦስት ሳምንት ዘግይተው ነው። የመታጠቢያ ቤቱ አንድ ግድግዳም ዛሬ ድረስ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል ሴራሚክ ለብሷል።