የተሰወረ ፊደልና የጠፋ ፊደል

ደብዳቤ ከአንባቢው የሚለየው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መሰወር ነው፤ ቃሉ አለ፣ ዓይናችን ግን አያየውም። ሁለተኛው መጥፋት ነው፤ ቃሉ ራሱ የለም። በወረቀት ዘመን የደበዘዘ ቀለምና የተቃጠለ ብራና ማንንም አያሳስቱም ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ግን ሁለቱ በመልክ ስለሚቀራረቡ፣ የተሰወረውን እንደጠፋ ቆጥሮ የሚደመስስ ሰው ብዙ ነው። የዛሬው ወጌ ስለዚህ ነው።

በዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የተጋራን፣ ግጥም እየጻፍን የምንተራረም ወዳጅ ነበረኝ። በ2006 ዓ.ም. እርሱ ለትምህርት ወደ ጀርመን ሄደ፤ እኔ ባንክ ገብቼ የሰው ገንዘብ መቁጠር ጀመርሁ። ግጥሞቻችን ግን በኢሜይል ይመላለሱ ነበር። ቤቴ ኢንተርኔት ስላልነበረኝ ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ፣ ከሥራ ስወጣ ኢንተርኔት ካፌ ጎራ እልና የመጡትን ደብዳቤዎች አወርዳለሁ። ማታ ያለ ኢንተርኔት አነባቸዋለሁ። መልሴን ጽፌ «ላክ» ስለው ፕሮግራሙ በመውጫ ሳጥኑ ያቆይልኛል፤ በማግስቱ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይልከዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ከወዳጄ ጋር ነኝ። መልእክት በቅጽበት ለሚደርሰው የዛሬ ሰው ይህ ኋላ ቀር ይመስላል። ለግጥም ግን ያ የአንድ ሌሊት ቆይታ በጎ ነበር፤ ማታ የጋለ ስንኝ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ጉድለቱን ራሱ ያሳያል።

አንድ ምሽት ከእርሱ የመጣ ደብዳቤ ስከፍት አማርኛ አልነበረም። ገጹ በባዕድ ምልክቶች ተሞልቷል። ልብ ብዬ ስመለከት ግን ሥርዓት አለው፤ አክሰንት የተጫነበት አንድ የላቲን «ኤ» በየጥቂቱ ይመላለሳል፣ የስንኞቹም አሰላለፍ እንዳለ ነው። ግጥም መሆኑ ያስታውቃል፤ የሚነበብ ቃል ግን የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ሆነ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ኮድ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው ማለት ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም «አንድ ባይት፣ አንድ ፊደል» በሚለው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ካነበበው፣ ሦስቱ ፊደላት ወደ ዘጠኝ ባዕድ ምልክቶች ይበተናሉ። ይህ ለባንክ ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰነድ ላይ 100 የሚል ቁጥር ብቻ ሰፍሮ ብር ይሁን ዶላር ካልተባለ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ይፋለሳል። ኢሜይልም በራስጌው የኮዱን ስም ይይዛል፤ ስሙ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ይገምታል፣ ይስታልም።

በእይታ ምናሌው ሥር የጽሑፍ ኮድ የሚለውን ከፍቼ ዩቲኤፍ-8ን መረጥሁ። ኅብረ ቃሉ እንደተገኘለት ቅኔ፣ ገጹ በአንድ ጊዜ ተፈታ። በዛሬዎቹ የተንደርበርድ እትሞች ረጅሙ ዝርዝር ቀርቶ ኮዱን የሚጠግን አንድ ትእዛዝ ተተክቷል።

ከእርሱ የመጣው የመጨረሻው ደብዳቤ ግን አልተፈታም። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። በመንገዱ ያለ አንድ ፕሮግራም ጽሑፉን ፊደላችን ወደሌለበት ኮድ ሲለውጠው፣ በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ አንድ የጥያቄ ምልክት ተክቷል። «ሀ»ም «ፐ»ም አንድ ዓይነት ምልክት ከሆኑ በኋላ የትኛውም ኮድ አይመልሳቸውም፤ መድኃኒቱ በላኪው እጅ ያለው ቅጂ ብቻ ነው። «እባክህ ደግመህ ላክልኝ» ብዬ ጻፍሁለት። መልስ አልመጣም። ወዳጄ በ2011 ዓ.ም. ከወራት ሕመም በኋላ ዐረፈ።

ያን ጊዜ የምንገለገልበት የኢሜይል አገልግሎትም ቆየት ብሎ ተዘጋ። የቀሩልኝ በየምሽቱ ያወረድኋቸው ቅጂዎች ናቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኋቸው። ያንን የጥያቄ ምልክት ግጥምም አልዘለልሁትም። ለአንድ ፊደል አንድ ምልክት ስለሆነ ፊደላቱን ቆጠርሁ፤ ዐሥራ ሁለት ስንኝ ነው፣ የወል ቤት ሳይሆን አይቀርም። ሳድሱ ፊደል አንዳንዴ ስለሚዋጥ መማል አልችልም። ቤቱ ቆሟል፤ በውስጡ የነበረው ሰው ምን ይል እንደነበር ግን የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የተመሰቃቀለ ደብዳቤ ቢደርስህ ለመደምሰስ አትቸኩል። ባዕድ ምልክት ከሆነ ኮዱን ለውጠህ ሞክር፤ ቃሉ ከበስተጀርባው ተቀምጦ ይሆናል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ላኪው በሕይወት ሳለ፣ ዛሬውኑ ደግሞ እንዲልክልህ ጠይቀው። የምትወደውንም ደብዳቤ በሩቅ ሰርቨር ላይ ብቻ አትተወው፤ በገዛ ኮምፒውተርህ ቅጂ አኑርለት።

ቸር እንሰንብት።