መምሰልና ማስመሰል

በቋንቋችን «አስመሳይ» የተባለ ሰው ተነቀፈ እንጂ አልተመሰገነም። ልጅ በጠባዩ አባቱን፥ ደቀ መዝሙርም በግብሩ መምህሩን ሲመስል ግን ደስ ይለናል። ይህ የሚያሳየው በመምሰልና በማስመሰል መካከል ሰፊ ልዩነት መኖሩን ነው፤ የሚያስመስል መልክን ይይዛል፥ የሚመስል ግን ግብርን ይይዛል። እኔ የሒሳብ መምህር እንደ መሆኔ ይህን ልዩነት አጥርቶ ያሳየኝ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሳይሆን፥ ሚሜቲክ የሚባለው የስሌት ዘዴ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የሚመስል፥ አርአያን የሚከተል» ማለት ነው።

ሙቀት በብረት ውስጥ ሲተላለፍ፥ ውሃ በምድር ውስጥ ሲሰርግ፥ ነፋስም ሲነፍስ፥ ሁሉም የሚመሩበት ሕግ የሚጻፈው በዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ነው፤ ይኸውም አንድ ነገር ከቦታ ወደ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገር እኩልዮሽ ነው። አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ እኩልዮሾች በወረቀትና በብዕር ተፈትተው አያልቁም። ስለዚህ ሊቃውንት ስፍራውን በመረብ ይከፋፍሉና፥ ጎን ለጎን ባሉ ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ያሰላሉ። ይህም የውሱን ልዩነት ዘዴ ይባላል። የሚገኘው መልስ ግምት ነው፤ የመረቡ ዐይን እየጠበበ በሄደ መጠን ግን ወደ እውነቱ እንዲጠጋ ይፈለጋል።

ይህን ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መልሱ ግምት ከሆነ መሐንዲሱ በምን አምኖ ይቀበለዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ ስላልነበረ በሰሌዳው ላይ አንድ ዘንግ ሥዬ በሦስት ክፍል ከፈልሁት፤ 100፥ 60 እና 30 መስፈሪያ ሙቀት ያዙ እንበል፥ ወደ ውጪ የሚወጣም የለም። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው 8፥ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 5 ቢያልፍ፥ ክፍሎቹ 92፥ 63 እና 35 ይይዛሉ፤ ድምሩ እንደ ቀድሞው 190 ነው። 8 የተባለው ቁጥር ግምት ነው፤ እውነቱ ምናልባት 7.9 ይሆናል። ነገር ግን የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ሆኖ ስለ ተጻፈ፥ የጠፋም ከምንም የተፈጠረም ሙቀት የለም። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ገምቶ አንዱ «8 ሰጠሁ» ሲል ሌላው «7 ተቀበልሁ» ቢል ግን፥ በየእርምጃው አንድ መስፈሪያ ይባክናል፤ በ100 እርምጃ 100 ይጎድላል። መዝገብ የያዘ ሹም ሁሉ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ነገሩ የሰሌዳ ጨዋታ አለመሆኑን የአየር ጠባይ ስሌት ታሪክ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኖርማን ፊሊፕስ የምድርን የነፋስ ዝውውር በኮምፒዩተር አሰላ። ሥራው እጅግ ተደነቀ፤ ዳሩ ግን ስሌቱ የአንድ ወር ያህል አየር ከተከተለ በኋላ ተበላሸ። በ1959 ፊሊፕስ ራሱ ምክንያቱን አብራራ፤ መረቡ ሊይዛቸው የማይችላቸውን አጫጭር ሞገዶች እንደ ረጃጅም ሞገዶች ስለሚያነባቸው፥ በተፈጥሮ የሌለ ጉልበት በስሌቱ ውስጥ ይከማቻል። በ1966 የጃፓን ተወላጅ የሆነው አኪዮ አራካዋ መድኀኒቱን አሳየ። ሰበቃ በሌለበት በገጽታ ላይ በሚሄድ ፍሰት ጠቅላላው ጉልበትና የሽክርክሪቱ የካሬ ድምር ሳይለወጡ ይኖራሉ፤ አራካዋም በመረቡ ላይ ይህንኑ ሕግ የሚጠብቅ ቀመር አበጀ። ጉልበት እንዳይፈጠርበት የታገደ ስሌት ያለ ልክ ሊያብጥ አይችልም።

ይህን የመሰለውን ዐሳብ ወደ ሰፊ ሥርዐት ካደረሱት መካከል የሞስኮው አሌክሳንደር ሳማርስኪና ባልደረቦቹ ይገኛሉ፤ ጽሑፋቸው በ1981 ወጣ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሚካኢል ሻሽኮቭ በኋላ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ከጄምስ ሃይማን ጋር ሥራውን አስፋፋው። በዚህ ዘዴ ዳይቨርጀንስ፥ ማለት ከአንድ ክፍል በግድግዳዎቹ ከሚወጣው ላይ የሚገባው ተቀንሶ የሚቀረው፥ አስቀድሞ ይወሰናል። ግራዲየንት፥ ማለት አንድ መጠን በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚነግረው፥ ለብቻው አይገመትም፤ ሁለቱ በእውነተኛው ሒሳብ ያላቸው ዝምድና እንዲጠበቅ ከዳይቨርጀንሱ ይወለዳል። በዚህ ምክንያት የመረቡ ክፍሎች እንደ ምድር ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ የተጣመሙ ቢሆኑም ሕጉ አይፈርስም። በ2005ም ፍራንኮ ብሬዚ፥ ኮንስታንቲን ሊፕኒኮቭና ሻሽኮቭ፥ ክፍሎቹ ብዙ ገጽ ያላቸው ቅርጾች በሚሆኑበትም ጊዜ የስርጭት እኩልዮሽ መልስ ወደ እውነተኛው እንደሚጠጋ አረጋገጡ።

እርግጥ ነው፥ ሚዛኑ የገጠመ መዝገብ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ሰጪና ተቀባይ በተሳሳተ ቁጥር ቢስማሙም ድምሩ ይገጥማል። ስለዚህ የመረቡን ዐይን ማጥበብ፥ መልሱንም ከልኬት ጋር ማስተያየት የግድ ነው። ነገር ግን የገጠመው መዝገብ ሊመረመር ይችላል፤ ያልገጠመው ግን ገና ሳይመረመር ራሱን ይከስሳል።

በዘመናችን የመቶ ዓመት የአየር ንብረት በስሌት ይተነበያል፤ መርዛም ቆሻሻ በምድር ውስጥ ሠርጎ የመጠጥ ውሃ ወዳለበት መድረስ አለመድረሱም በስሌት ይጠየቃል። ከስሌቱ በየእርምጃው ጥቂት መርዝ ያለ ምክንያት ቢጠፋ፥ ወረቀቱ ውሃው ንጹሕ ነው ሊል ይችላል፤ የሚጠጣው ሰው ግን የሚቀዳው ከጉድጓዱ እንጂ ከወረቀቱ አይደለም። ለተማሪዎቼም ሁለቱን ስሕተቶች ለይተው እንዲያውቁ አዘውትሬ የምነግራቸው ስለዚህ ነው። የመጠን ስሕተት በትዕግሥትና በድካም ይቀነሳል፤ የሕግ መፍረስ ግን ስሌቱ በረዘመ ቁጥር ይጠራቀማል። ፍጹም መሆን ለሰው ሥራ ባይሰጠውም፥ የሚመስለውን ነገር ሕግ መጠበቅ ግን ተሰጥቶታል።