የደዋዩ ስም

በ1989 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የሳምንቱን እትም ፊልም በካኪ ፖስታ ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ግቢ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበርኩ። የኅትመት ክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከእኔ እጅግ የሚበልጡ፣ ሻይ ካልጠጣህ አትሄድም እያሉ የሚያስቸግሩኝ ደግ ሰው፣ እስከ በሩ ድረስ ወጥተው፣ «ወንድሜ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉኝ። ከጀርባቸው የማሽኑ ድምፅ ያለማቋረጥ ይሰማ ነበር። እኔም ሰማሁት፤ እርሳቸውም መስማቴን ዐወቁ። ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣል አድርገው፣ «ተደውሎ ነው» አሉኝ። ማን እንደደወለ ብጠይቃቸው፣ «ተደወለ እኮ ነው የምልህ!» ብለው፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን እንደሚለምን ሰው መለሱልኝ።

ቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ሰዓት የተመቸ ግሥ አለው። ተደወለ፣ ተባለ፣ ታዘዘ፣ ተወሰነ። አድራጊው የማይታወቅበት፣ ተደራጊው ግን የሚታወቅበት ግሥ። በሀገራችን ፖለቲካ ውስጥ ይህን ያህል ያገለገለ የሰዋስው ክፍል ያለ አይመስለኝም።

ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ከልክሏል። ከዚያም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጹ የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። ጋዜጣዬን ያገደ ደብዳቤ አልተጻፈም፤ ማኅተም ያረፈበት፣ ቁጥርና ግልባጭ ያለው ወረቀት ከየትም አልወጣም። ማሽኑ ብቻ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተበላሸ»። በሦስተኛው ሳምንት አዟሪዎቹ ወደ ሌላ ጋዜጣ ሄዱ፤ የቢሮው ኪራይ ውዝፍ ሆነ፤ ጋዜጣውም ሞተ። አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን ክስ መመሥረት እችል እንደሆነ ባማክረው፣ «ማስረጃህ ምንድን ነው? ማሽን እኮ ይበላሻል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ ለማንም አቤት አላልኩም። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ መጣሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የቆየ ታሪክ ያነሣሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2024፣ ሰኞ ረፋድ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በዩኒየን ስቴሽን የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ ከዚያው ጥቂት መንገዶች አልፎ የሚገኘው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያካሂደውን ክርክር በስልኬ አዳምጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ክርክሮቹን በቀጥታ በድምፅ ያስተላልፋል። የዚያ ቀኑ ጉዳይ መርቲ እና ሚዙሪ የሚባለው ነበር። የሚዙሪና የሉዊዚያና ክፍላተ ግዛት ከአምስት ግለሰቦች ጋር ሆነው የፌዴራሉን መንግሥት ከስሰዋል። ክሱ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ የባይደን መንግሥት ባለሥልጣናት ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዩቲዩብን በደብዳቤም በስልክም እየወተወቱ፣ ስለ ክትባትና ስለ ምርጫ የተጻፉ አስተያየቶችን አስነሥተዋል፤ ይህም በግል ኩባንያ እጅ የተፈጸመ ሳንሱር ነው የሚል ነበር።

በሌላ ቋንቋ ይነገር እንጂ ክርክሩን ዐውቀዋለሁ። ዳኛ ኬገን በአንድ ወቅት የመንግሥት ባልደረባ ሳሉ፣ ጋዜጠኞች ያሰቡትን እንዳይጽፉ የማግባባት ልምድ እንደነበራቸው ሳይሸሽጉ ተናገሩ፤ እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ በመንግሥት ቢሮዎች በየቀኑ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይደረጋል አሉ። ዳኛ ጃክሰን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትን እጅ ከልክ በላይ አስሮ፣ በአደጋ ጊዜ ሕዝቡን እንዳይጠብቅ እንዳያደርገው ሠጉ። ከፊቴ ያለው ታክሲ ተንቀሳቅሶ ኖሮ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩንባውን ነፋብኝ። አልሰማሁትም ነበር፤ ልቤ ካኪ ፖስታ ይዞ ማተሚያ ቤቱ ግቢ ቆሞ ነበርና።

ማታ ይህንኑ ለወዳጄ አጫወትኩት። ወዳጄ በአሌክሳንድሪያ ከሃያ ዓመት በላይ የጎረቤቴ ያህል የኖረ፣ በደርግ ጊዜም በኢሕአዴግ ጊዜም የታሰረ ሰው ነው። ስለ ነፃነት ለእርሱ መስበክ ለቄስ መጽሐፍ እንደ ማስተማር ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድሙን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 በኮቪድ አጥቷል። ሟቹ አልከተብም ብሎ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ስልኩን ሲከፍቱት፣ ክትባቱ ዘር ያጠፋል፣ ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው በሚሉ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በተሠሩ ቪዲዮዎች የተሞላ ነበር። ወዳጄ ቡናውን አስቀምጦ፣ «መንግሥት ቢደውል ምን አለበት? ስልካቸውን ባውቀው እኔ ራሴ እደውል ነበር» አለኝ። ምን እመልሳለሁ? ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት አፌ ስለ ተዘጋ ብቻ አልነበረም። እውነት ነበረውና ነው። በገዛ ሀገራችን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ተለጥፎ፣ በትግራዊነታቸው ከተወነጀሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በቤታቸው ደጃፍ ተገድለዋል። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ሲያመለክት መልስ ያገኘው አባቱ ከሞቱ በኋላ እንደሆነ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ ክስ መሠረተ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። እንግዲህ ማንም ያልደወለበት ዝምታም ሰው ይገድላል። ሐሳብን በነፃነት ስለ መግለጽ የሚጽፍ ሁሉ ይህን አልፎት ቢሄድ፣ እኔ ጽሑፉን አላምነውም።

ሆኖም ደጋግሜ ያሰብኩበት ነገር አለ፤ ያም ስልኩ ከጀርባው ምን ይዟል የሚለው ነው። በአሜሪካ ይህ ጥያቄ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 የሮድ አይላንድ ምክር ቤት የወጣቱን ግብረ ገብ የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ መጽሐፍ የመከልከልም ሆነ ሰው የማሰር ሥልጣን አልነበረውም። ሥራው ለመጻሕፍት አከፋፋዮች ደብዳቤ መላክ ነበር። ደብዳቤው እነዚህ መጻሕፍት ለወጣቶች የማይበጁ ሆነው መገኘታቸውን ይገልጻል፤ ለሚደረገው ትብብር አስቀድሞ ምስጋና ያቀርባል፤ ትብብር ካለ ወደ ክስ መሄድ እንደማያስፈልግም ይጠቁማል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ፖሊስ ወደ ሱቁ ጎራ ብሎ፣ ምን እንደተደረገ በትሕትና ይጠይቃል። አከፋፋዩም መጻሕፍቱን መለሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ምክር ሳይሆን ሳንሱር ነው ብሎ ፈረደ። ያን ፍርድ በማታ ትምህርት ቤት ሳነበው፣ በምስጋናዋ ሳቅሁ። የእኛዎቹ እንኳ አስቀድመው አያመሰግኑም ነበር።

ይሁን እንጂ የሮድ አይላንዱ አከፋፋይ በእጁ ወረቀት ነበረው። ማኅተም ያለው፣ ቀን ያለው ወረቀት! የመርቲው ጉዳይ የወደቀው ግን በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ በዳኛ ባሬት ጸሐፊነት፣ ከሳሾቹ የመክሰስ መብት አላረጋገጡም ሲል ወሰነ። ኩባንያዎቹ መንግሥት ከመወትወቱ በፊትም በራሳቸው ደንብ ጽሑፍ ያነሡ ስለነበር፣ የዚህ ሰው ጽሑፍ የተነሣው በመንግሥት ግፊት ነው ብሎ ለይቶ ማሳየት አልተቻለም ነው ነገሩ። ዳኛ አሊቶ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር አጥብቀው ተቃወሙ። ከሁለት ወር በኋላ የፌስቡኩ ዙከርበርግ ለአንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ሊቀመንበር በጻፈው ደብዳቤ፣ የባይደን ባለሥልጣናት የኮቪድ ጽሑፎችን፣ ቀልዶችን ሳይቀር፣ እንዲያነሣ ደጋግመው እንደተጫኑት ገለጸ፤ ያን ጊዜ ድምፁን አለማሰማቱም እንደሚጸጽተው ጻፈ። ማተሚያ ቤቱም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ይሆናል ብዬ ለወዳጄ ብነግረው ሣቀ።

የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ውሳኔውም በሕግ መለኪያ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በውስጡ የሰማሁት የዚያን የሕግ ባለሙያ ወዳጄን ድምፅ ነው፦ «ማሽን እኮ ይበላሻል።» ስልክ የሚደወለው ደብዳቤ ስለማይተው ነው። ማስረጃ ያለመኖሩ የአሠራሩ ጉድለት አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ነው።

በሀገራችን በእርግጥ እንዲህ ያለ ጥበብ የሚያስፈልግበት ጊዜ እያጠረ ሄዷል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቀውስ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ፤ በ1998 ዓ.ም. በውጭ የምናዘጋጃቸው ድረ ገጾች አዲስ አበባ ላይ የማይከፈቱ ሆኑ፤ በ2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ታሰሩ። በ2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲከፈቱ ያነባሁትን እንባ አልረሳውም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ፤ ከዚያም ኢንተርኔት በሀገር ደረጃ ለሳምንታት፣ በትግራይ ደግሞ ለሁለት ዓመት ገደማ ጠፋ። ገመዱ በመንግሥት እጅ ሲሆን መደወል እንኳ አያስፈልግም።

ወደ አሜሪካው ልመለስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ የፌዴራል መንግሥት በንግግር ላይ የሚያደርገውን ሳንሱር አስቆማለሁ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙን ሳነበው ብዙው ቃል እኔ ልጽፈው የምችለው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን ግን፣ የኢሚግሬሽን መኮንኖች የታዩበትን ሰፈር ለሌሎች ማሳወቂያ የነበረው አይስብሎክ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ከአፕል መደብር ወረደ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ፓም ቦንዲ አፕልን ጠይቀን አስወርደነዋል ብለው በይፋ ተናገሩ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ላመስግን፦ ቢያንስ ደዋዩ ስሙን ተናገረ። በመርቲው ጉዳይ መንግሥትን ሲከስሱ ከነበሩት አብዛኞቹ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ያን ጊዜ መንግሥትን ሲከላከሉ የነበሩት ደግሞ በአንድ ሌሊት የንግግር ነፃነት ጠበቃ ሆነው ዐደሩ። ይህን መናገሬ ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለት አይደለም። ክትባት መክረውና ጨቅጭቀው ማስከተብ ሌላ ነው፤ ሰው ከሚይዘው ታጣቂ እንዳይጠነቀቅ ማድረግ ሌላ። ግን ያው ስልክ ነው፤ ሲሠራ ቆይቶ ባለቤት ቀየረ።

ለወዳጄ ደወልኩለት። በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ይኼኛው ግን ሌላ ነው» አለኝ። ቆየት ብሎም፣ «ወንድሜ ግን ሞቷል» አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ቡናውን ግን በየእሑዱ አብረን እንጠጣለን።

የመጨረሻው ነገር በእኔው ቤት የሆነ ነው። አዲስ አበባ ያለችው የእኅቴ ልጅ በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተቀባይነት አግኝታ የተማሪ ቪዛ ትጠብቃለች። ከጁን 2025 ወዲህ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቁ ሁሉ የማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዝዘዋል። ልጅቱ ከቃለ መጠይቋ አንድ ሳምንት ቀደም ብላ ደወለችልኝ። ከሰላምታው በኋላ ዝም አለች። «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ…» አለችና ቆመች። ከዓመታት ጀምሮ በገጿ ከምትለጥፋቸው ነገሮች ሥር አስተያየት መጻፍ ልማዴ ነው፤ እነርሱን ባነሣላት እንደምትወድ ነገረችኝ።

«ከኤምባሲው ተነግሮሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ማንም አልነገረኝም። እንዲሁ ይሻላል ብዬ ነው።»

ታክሲዬን በሬስተን ጎዳና ላይ ከአንድ ሕንፃ ጥላ ሥር አቆምኩ። አሥራ አንድ አስተያየቶች ነበሩ። እያንዳንዱን እያነበብኩ አጠፋሁ። ስለ አይስብሎክ የጻፍኩት አንዱ ነበር፤ ስለ ትራምፕ ትእዛዝ የጻፍኩት ሁለት ነበሩ፤ የቀሩት ለማንም የማይጎዱ፣ ምርቃትና ተረት የበዛባቸው ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ልጅቱ ስለ ጋዜጠኝነት ታሪክ የክፍል ሥራ ስትሠራ የነገርኳት፣ ማሽኑ እየሠራ ተበላሽቷል ስላሉኝ ስለ እኒያ ደግ ሽማግሌ የሚተርክ ነበር። እርሱን ለማጥፋት ጣቴ ትንሽ ዘገየ። ማንን ይጎዳል? ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እርሱንም አጠፋሁት።

በማግሥቱ ገጿን ስከፍት፣ አንዲት ጓደኛዋ የአጎትሽ ታሪክ የት ሄደ ብላ ጠይቃታለች። የእኅቴ ልጅ፣ «ጠፋ እኮ» ብላ መልሳላታለች። ቃለ መጠይቁ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሯል።